ከደብረዘይት እስከ አዋሽ የሚወርደው ጭፈራ

ዘገዬ የሚባል ሰው ባቡር ላይ መቅጠር ምን የሚሉት ድፍረት እንደሆነ የቀጠሩት ሰዎች ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡሩ በዘገየ ቁጥር ተሳፋሪው የቲኬት ተቆጣጣሪውን ስም እያነሣ ሲሥቅ ኖሯል። ጋሽ ዘገዬ ግን አንድም ቀን ከሥራቸው ዘግይተው አያውቁም። ደግሞም ፌዙን ሁሉ የሚያስረሳ ድምፅ ነበራቸው። ባቡሩ ሊነሣ ሲል ፊሽካቸውን ይነፉና «ሞጆ! ናዝሬት! ወለንጪቲ! የሚሳፈር ይሳፈር!» ብለው ሲለቁት፣ ብርቱካን ሻጩም፣ ሸኚውም፣ ልጅ የምታባብለዋም ክው ብለው ዝም ይላሉ። መተሐራ ላይ ሲጣሩ አዋሽ ይሰማል ይባል ነበር። ውሸት ነው፤ ግን የሚያምር ውሸት ነው።

ጡረታ ሲወጡ ያ ድምፅ ሥራ ፈታ። ዛሬ አዳማ በምንላት በናዝሬት፣ ከጣቢያው ጀርባ ባለችው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ የባቡር ፊሽካ በሰሙ ቁጥር የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ!» ይላሉ፣ የሚጠይቃቸው ያለ ይመስል። ምሳ ላይ ጨው አቀብይኝ ሲሉ ጎረቤት ይደነግጣል። ባለቤታቸው ዘመናይ «ኧረ አንተ ሰው፣ ቀስ በል! እዚሁ ነኝ እኮ፣ ድሬዳዋ አይደለሁም» ትላቸዋለች። እሳቸውም ያፍሩና ድምፃቸውን ይውጡታል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ጋሽ ዘገዬን ባቡሩ ጥሏቸው ሄደ» ማለት ጀመረ። ይህችን ሰምተዋታል። እንዳልሰማ ሆነው አለፏት እንጂ አንጀታቸው ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች።

በ1980 ክረምት ቀበሌ ተጠሩ። ደብረዘይት፣ ሐይቅ ዳር፣ ለሦስት ሳምንት የሙዚቃና የጭፈራ ካምፕ ሊከፈት ነውና ከየቀበሌው አንድ ሰው ይላክ ተብሏል። መቼም በዚያ ዘመን «ተመርጠሃል፣ መኪና መጥቶ ይወስድሃል» የተባለ ወጣት የት እንደሚገባ የታወቀ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሊያፍሱት መስሎት አንዱ አርሲ አክስቱ ዘንድ ሄደ፤ አንዱ በጠራራ ፀሐይ ታምሞ ተኛ። ሊቀመንበሩ ቢጨንቀው ቢጠበው ጋሽ ዘገዬን አስጠርቶ «እርስዎ ተመርጠዋል» አላቸው።

ምክንያቱን አላጡትም። ለዘመናይ ግን «ተመርጫለሁ» ብቻ ነው ያሏት። ዘመናይ ለእድሩ ነገረች፤ እድሩ ለገበያው ነገረ። ባለ ናስ ቁልፉን የባቡር ኮታቸውን አጥባ ተኮሰችና ሻንጣ ውስጥ አስገባችላቸው። «ለመዝጊያው እመጣለሁ» አለች። «ሠላሳ ዓመት ጣቢያው ላይ ቆሜ ስታልፍ ነው ያየሁህ። ናዝሬት ትደርሳለህ፣ እጅህን ታነሣልኛለህ፣ ትሄዳለህ፤ እኔ እቀራለሁ። እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ተቀምጬ ልይህ።»

ካምፑ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ትልቅ አዳራሽና ሁለት ረዣዥም የመኝታ ቤቶች ነበሩት። ጠዋት የአኮርዲዮን፣ የከበሮና የኖታ ትምህርት ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ገጠር ጭፈራ።

ቀልድ አይደለም። መምህርቷ ሚስ ማርጀሪ ትባላለች፤ ባሏ ለከብት ሐኪሞች ሊያስተምር ደብረዘይት የመጣ፣ እሷ ደግሞ ሥራ ፈትታ መቀመጥ የማይሆንላት፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቁመቷ የስልክ እንጨት የሚያህል እንግሊዛዊት ናት። አማርኛ ለምዳለች፤ ነገር ግን ሽማግሌውንም ልጁንም «አንተ» ነው የምትለው። ሰዉም በምላሹ አንቺ አላትና ተቻቻሉ። የካምፑ ኃላፊ ወጣቱ ጓድ ደገፋ በመጀመሪያው ቀን ደብተሩን ይዞ መጣና «ይህ ጭፈራ የመኳንንት ነው እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«አይደለም። የገበሬ ነው። እህል ሲገባ ጎተራ አጠገብ ይጨፍራል» አለችው።

ደገፋ «የእንግሊዝ ጭቁን ገበሬ ጭፈራ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመበት፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ጭፈራው እንዲህ ነው። ስድስት ጥንድ ሰው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። ከላይ ያለው ጥንድ እጅ ለእጅ ተያይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች የሚመጣው ጥንድ ደግሞ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ በር ይሠራለታል፤ ወራጁ በዚያ በር ሥር ጎንበስ ብሎ ያልፋል፣ በር የሆነውም አንድ ቦታ ወደ ላይ ይወጣል። እንዲህ እየተላለፉ ላይ የነበረው ታች፣ ታች የነበረው ላይ ይደርሳል። ትከሻ የለ፣ አንገት የለ፤ ነገሩ ሁሉ እግር ነው። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ሸዋወርቅ፣ የጋሽ ዘገዬ ጥንድ፣ «እነዚህ ሰዎች ትከሻቸውን ለማን አደራ ሰጥተውት ነው?» ብላ አዳራሹን አስቃዋለች።

እግሩስ ተለመደ። ያስቸገረው በሩ ነው። ወራጁ ይለፍ ተብሏል፤ ግልጽ ነው። ግን የመተሐራው ልጅ ወዬሳ ከነጥንዱ እየወረደ ጋሽ ዘገዬ ዘንድ ሲደርስ፣ የአባቱ እኩያ እጃቸውን ሽቅብ ሰቅለው በር ሆነውለት እሱ በብብታቸው ሥር ሊሾልክ? ሞቶ ነው! እግሩ መሬት ይይዛል።

«ይለፉ፣ ጋሼ።»

«ኧረ አንተ እለፍ ልጄ፣ ተራህ ነው።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

ከኋላቸው የሚወርደው ጥንድ ይደርስባቸውና እሱም ክርክሩ ውስጥ ይገባል፤ «ኧረ እሳቸው ይቅደሙ!» ጋሽ ዘገዬም የባሱ ናቸው። የመውረድ ተራ ሲደርሳቸው አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ፊት ቆመው ቆባቸውን ያወልቃሉ። የአኮርዲዮኑ አስተማሪ አብዱናሲር ዜማውን ጨርሶ መሣሪያውን ጭኑ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ስድስቱም ጥንድ ወለንጪቲ ገበያ ላይ እንደተገናኘ ሰው አንድ ቦታ ተከማችቶ እየተለማመነ ይገኛል።

«ማን አቆመህ?» ትላለች ሚስ ማርጀሪ። «መንገዱ ባዶ ነው። ማን አቆመህ?»

ምን ብለው ያስረዷት? ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» እያለ ያደገ ሰው፣ ሙዚቃ ስለተነፋ ብቻ በሽማግሌ ብብት ሥር አይሾልክም። ሁለት ሳምንት በዚህ ሁኔታ አለቀ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ደገፋ ጋሽ ዘገዬን ለብቻቸው ጠራቸው። «አይቀየሙኝ ጋሽ ዘገዬ» አለ፣ ዓይናቸውን ላለማየት ደብተሩን እያገላበጠ። «ሰዉ የሚቆመው እርስዎን እያየ ነው። ወጣት ለወጣት ቢሆኑ ይተላለፋሉ። የሚቀጥለው ቅዳሜ መዝጊያ ነው፣ ከአውራጃ እንግዶች አሉብኝ። ሰኞ ጠዋት ወደ ናዝሬት የምትሄድ መኪና አለች፤ እሷን ቢይዙ ጥሩ ነው።»

ጋሽ ዘገዬ ሻንጣቸውን ተሸክመው በእድሩ ሰዎች ፊት ሲያልፉ ታያቸው። ደግሞ ባቡሩ ጣላቸው ሊባል ነው። ለራሳቸውስ ግድ የላቸውም፤ የተናቀ ጡረተኛ ሆነው መኖሩን ለምደውታል። ያቃጠላቸው የዘመናይ ነገር ነው። ያን ሁሉ ሰው ባሌ ተመርጧል ብላ የነገረች ሴት ምን ብላ ከቤት ትወጣለች?

እሑድ ጠዋት ሰዉ ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸር እሳቸው ወደ ባቡር ጣቢያው ወረዱ። የሚፈልጉት ነገር ኖሮ አይደለም፤ እግራቸው ሌላ መንገድ ስለማያውቅ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ የመጣው የመንገደኛ ባቡር ገባ። ከታች በኩል ደግሞ ጭነት ያዘለ የዕቃ ባቡር ቀድሞ ደርሶ በጎን ሐዲድ ላይ ገለል ብሎ ይጠብቅ ነበር። መንገዱ አንድ ሐዲድ ነው፤ ሁለት ባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ባንዲራውን አነሣ። የመንገደኛው ባቡር ሄደ። ባንዲራውን ደገመው፤ የዕቃውም ተነሣ።

ጋሽ ዘገዬ ይህንን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ አይተውታል። ዛሬ ግን ብድግ አሉ። የዕቃ ባቡሩ ሾፌር «ይለፉ» አላለም። የመንገደኛውም «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አላለም። የቆመው አልተናቀም፤ ያለፈውም አልባለገም። ባንዲራ የያዘ ሰው ስላለ ይሉኝታውን እሱ ተሸክሞላቸዋል! ብቻቸውን ከት ብለው ሲሥቁ ብርቱካን ሻጯ ደንግጣ ቅርጫቷን ወደ ራሷ ሳበች።

ሰኞ ጠዋት መኪናዋ ሞተሯን አስነሥታ በር ላይ ቆማለች። ሊሸኟቸው ሰዎቹ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበዋል። ጋሽ ዘገዬ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ገቡና በቀጥታ ሚስ ማርጀሪ ፊት ቆሙ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር። ካልሆነ እሄዳለሁ።»

ሚስ ማርጀሪ ደገፋን አየችው። ደገፋ ሰዓቱን አየ። «ሾፌሩ አሥር ደቂቃ ይጠብቃል» አለ፣ ቅር እያለው።

ጋሽ ዘገዬ ከሰሌዳው ጠመኔ አነሡና ወለሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ስድስት ክብ ሠሩ። በያንዳንዱ ክብ ላይ ጻፉ፤ ደብረዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጡ፤ በአንድ እጃቸው መሐረባቸውን፣ በሌላው ፊሽካቸውን ይዘዋል። ከሸዋወርቅ ጋር እሳቸው በነበሩበት ቦታ አንድ ልጅ ከአኮርዲዮን ክፍል አስገቡ።

«ስሙኝ!» አሉ። «ከአሁን ወዲያ እዚህ ሰው የለም። ባቡር ነው ያለው። ባቡር አጎት የለውም፣ አለቃ የለውም፣ አንቱ አንተ አያውቅም። ወደ አዋሽ የሚወርደው ያልፋል፤ ወደ ላይ የሚወጣው በር ሆኖ ያሳልፋል። ያለፈ አልናቀም፤ የቆመ አልተዋረደም። መንገድ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ቅር ያለው ሰው እኔን ይክሰስ!»

አብዱናሲር አኮርዲዮኑን ሳበ። ፊሽካው ጮኸ። «ከደብረዘይት የተነሣው፣ ሞጆ ላይ እለፍ!» ወዬሳ ከነጥንዱ ወረደ። ሞጆ ላይ ዳይሬክተሩ በር ሆነው ቆመዋል። ወዬሳ ሊያቅማማ እግሩን ገታ አደረገ። «እለፍ!» የሚል ድምፅ ከጀርባው ሲመጣበት ግን በእሱ ፈቃድ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ገባው፤ ጎንበስ ብሎ አለፈ። ዳይሬክተሩ ሣቁ። እሳቸውም ተራቸው ደረሰና በወዬሳ ክንድ ሥር አለፉ። ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ! ስድስቱም ጥንድ ሳይቆም ወርዶ፣ አዋሽ ላይ አንድ ዙር አርፎ፣ ተመልሶ ወጣ። ሸዋወርቅ «እልልል!» ስትል ሚስ ማርጀሪ ወንበሩ ሥር ቆማ ታጨበጭባለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ይኸው! ይኸው!» ከማለት በቀር አማርኛው ሁሉ ጠፋባት።

የመኪናዋ ሾፌር ለምን እንደቆዩ ሊጠይቅ መጥቶ በሩ ላይ እንደተገተረ ቀርቷል። ደገፋ ዞሮ አየው። «ባዶህን ሂድ» አለው።

ቅዳሜ የመዝጊያው ቀን ደረሰ። እንግዶቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ቤተሰብ። ዘመናይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጫማዋ ጭቃ ለብሶ፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ናት። ጋሽ ዘገዬ አይተዋት ፊሽካቸውን በመሐረባቸው ይወለውላሉ። ደገፋ ቀርቦ በጆሯቸው «በእንግዶች ፊት እንደ ጣቢያ እንዳይጮኹብን፣ ቀስ ብለው» አላቸው። ይህ ቃል የት እንደሚያገኛቸው አላወቀም። ቀስ በል ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እሺ አሉ።

ጭፈራው ተጀመረ። ሞጆ ታለፈ። ልክ ናዝሬት ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ተቀደደ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል የደብረዘይት ሰው ያውቀዋል፤ ጠጠር በጆንያ የተዘረገፈ ይመስላል። የአብዱናሲር ጣቶች ይሮጣሉ፣ አኮርዲዮኑ ይተነፍሳል፣ የሚሰማ ዜማ ግን የለም። ሚስ ማርጀሪ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ የለም። ጋሽ ዘገዬም በለሰለሰው ድምፃቸው «ወለንጪቲ» አሉ፤ ለራሳቸውም አልተሰማቸውም።

ያን ጊዜ የድሮው በሽታ ተመለሰ። ወዬሳ ወለንጪቲ ላይ ዳይሬክተሩን አየና እግሩ መሬት ያዘ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ «ይለፉ»፣ «ኧረ አንተ»። ከኋላ ያለው ጥንድ ደረሰባቸው። ከእንግዶቹ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ጎንበስ አለ። ደገፋ ላብ በላብ ሆነ።

ጋሽ ዘገዬ ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ተመለከቱ። ዘመናይ ቆማለች። ነጠላዋን ከጆሮዋ ላይ ገፍፋ፣ ሁለት እጇን በአፏ ግራና ቀኝ አድርጋ የሆነ ነገር ትጮኻለች። ቃሉን ዝናቡ ዋጠው፤ እሳቸው ግን ከከንፈሯ አነበቡት።

«ጩኽ! ምን ሆነሃል? ጩኽ እንጂ!»

ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀስ በል ያለቻቸው ሴት ናት። ደረታቸው ውስጥ የታሰረው ነገር ሁሉ ተፈታ። ፊሽካውን ነፉ፤ አየር ሳቡ፤ ለቀቁት።

«ወለንጪቲ! እለፍ!»

ዝናቡ ራሱ የሰማ ይመስል ነበር። ወዬሳ ተወርውሮ አለፈ። «መተሐራ! እለፍ! የሚወጣው በር ክፈት! ናዝሬት! ሞጆ! እለፍ! እለፍ!» አኮርዲዮን ባይሰማ ምን ቸገራቸው፤ እግሩ በድምፃቸው ምት ነው የሚሄደው። ሸዋወርቅ ትከሻዋን አደራ ከሰጠችበት አስመልሳ፣ የእንግሊዙን እግር ከአገሯ ትከሻ ጋር አዳብላ ወረደች። ሌላውም ተከተላት። ሚስ ማርጀሪ አየቻት፤ ልትቆጣ ነው ሲባል እሷም የራሷን ትከሻ ሞከረችው። እንግዶቹ ብድግ አሉ። ከኋላ ያለው ቤተሰብ የጣቢያዎቹን ስም ከጋሽ ዘገዬ ጋር እየተቀበለ መጥራት ጀመረ። የመጨረሻው ጥንድ አዋሽ ሲገባ አዳራሹ በጭብጨባና በእልልታ ተናጋ፤ ዝናቡን ማንም አላስታወሰውም።

«ይደገም!» አሉ የአውራጃው እንግዳ። ደገፋ፣ ያ ቀስ ይበሉ ያለው ደገፋ፣ መጥቶ እጃቸውን ጨበጠና «ጋሼ፣ እንደ ፈለጉ ይጩኹ» አላቸው።

ጋሽ ዘገዬ ከወንበሩ ወረዱ። የኮታቸውን ቁልፎች ቆለፉና ሰዉን እየከፈሉ ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ሄዱ። ዘመናይ ነገሩ ገብቷት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «ኧረ ተው፣ አንተ ሰው፣ ሰው ምን ይላል?»

እጃቸውን ዘረጉላት። «ቲኬት?» አሉ፣ ሠላሳ ዓመት ሲሉት በኖሩት ድምፅ።

ዘመናይ ቀና ብላ አየቻቸው። «ከቆረጥኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ» አለችና እጇን ሰጠቻቸው።

ላይ፣ ደብረዘይት ላይ ቆሙ። ሸዋወርቅና ወዬሳ ሞጆ ላይ እጃቸውን አንሥተው ጠበቋቸው። ጋሽ ዘገዬ ያለ ምንም ይሉኝታ፣ ሚስታቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው አለፉ። ዘመናይ እርምጃውን አታውቀውም፤ ጭቃማ ጫማዋ ይንሸራተታል፤ ትሥቃለች፣ እንደ ልጅ ትሥቃለች።

«ናዝሬት!» ብለው ጮኹ ጋሽ ዘገዬ። «ወራጅ አለ?»

ዘመናይ እጃቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና አብራቸው ወደ ወለንጪቲ አለፈች።